መሐንዲስ በሕሙማን አልጋ አጠገብ



ይህች የተሰበሰብንባት የእንጅባራ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች እንደ መሆኗ መጠን፣ አሁን በዚህ አዳራሽ የምንተነፍሰው አየር በጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ከሚተነፍሰው ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተወልደን ያደግንበት ስለ ሆነ እኛ ይህን አናስተውለውም፤ በጥር ወር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ በሜዳው ላይ የሚጋልበው ፈረስም አያስተውለውም፤ ደሙና ሳንባው ከአገሩ ጋር ተስማምተዋልና። በባሕር አጠገብ ባለ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ እዚያው ተፈትኖ፣ በሣጥን ታሽጎ ወደ እኛ የመጣ የሕክምና መሣሪያ ግን ያስተውለዋል። ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንዱን መሣሪያ ቀረብ ብለን እንመልከተው። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው የቀዶ ሕክምና መቀሶች፣ መቆንጠጫዎችና ጨርቆች በእንፋሎት የሚመክኑበት አውቶክሌቭ የሚባል ዕቃ አለ። ክዳኑ በብሎን ይጠብቃል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ እየታመቀ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በክዳኑ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ መርፌም ቀስ እያለ ይነሣል። መርፌው በባር ሲቆጠር 1.05 ላይ ሲደርስ በውስጡ ያለው እንፋሎት 121 ዲግሪ ሞቋል ተብሎ በመመሪያው ስለ ተጻፈ፣ ነርሷ ሰዓቷን አይታ የታዘዘውን ደቂቃ ትቆጥርና እሳቱን ታጠፋለች። ነገር ግን ይህ መርፌ የሚለካው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ስለ ሆነ፣ የውጭው አየር በሳሳበት በእንጅባራ መርፌው ያንኑ ቍጥር ሲያሳይ የውስጡ ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል፤ 121ን ለማግኘት መርፌው እስከ 1.3 ድረስ መውጣት ይገባው ነበር። የአራት ዲግሪ ልዩነት ለጆሮ ትንሽ ነው፤ ለቴታነስና ለመሰሎቹ ተዋሕስያን ጠንካራ ዘር ግን ትንሽ አይደለም፤ ሙቀቱ በዚህን ያህል ዝቅ ሲል ዘሩ እስኪሞት የሚፈጀው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ይሆናልና። እንግዲህ ነርሷ የታዘዘችውን በሚገባ ፈጽማለች፤ መመሪያው በተጻፈበት አገር እውነት ነው፤ ዕቃውም አልተበላሸም፤ መቀሱ ግን ሳይመክን ወደ ሰው ሆድ ሊገባ ይችላል።

ስለ ኦክስጂንም እንዲሁ ነው። ተራውን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን በማጣሪያ አስቀርቶ ኦክስጂኑን ለሕመምተኛ የሚያቀብለው ኮንሰንትሬተር የተባለው መሣሪያ፣ ከፍታው ከ2000 ሜትር እያለፈ ሲሄድ በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ ጕልበቱ እየደከመ ይመጣል። በጣት ላይ ተቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጂን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትርም ቍጥሩን ይነግረናል እንጂ ቍጥሩ በየትኛው ደጋ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ አይነግረንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው መመሪያ፣ በሌላው ስፍራ የደሙ ኦክስጂን ከ90 በመቶ በታች የወረደ ልጅ ኦክስጂን እንዲሰጠው ሲያዝ፣ ከ2500 ሜትር ጀምሮ ባለው ከፍታ ለሚኖሩት ግን ወሰኑን 87 ላይ አድርጎታል። ዳንግላ ከፍታዋ ከ2100 ሜትር ጥቂት ብቻ ስለሚያልፍ በፊተኛው ወሰን፣ እንጅባራ ደግሞ በኋለኛው ሥር ትውላለች፤ በአንድ ዞን፣ በአዊ ውስጥ፣ በአንድ አስፋልት ላይ፣ በመኪና ብዙ በማያስኬድ መንገድ የሚገናኙ ሁለት ከተሞች ለአንድ ዓይነት ሕመም ሁለት የተለያዩ የማስጠንቀቂያ ቍጥሮች አሏቸው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚያውቀው ማን ነው? ሐኪሙ ሕሙሙን ያውቃል፤ የቁስሉን ማመርቀዝ፣ የሕፃኑን አተነፋፈስ፣ የወላዷን የደም መፍሰስ ያውቃል፤ የእንፋሎትን ጠባይ ግን የተማረው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርና ረስቶታል። የምሕንድስናው ተማሪ የእንፋሎትን ሰንጠረዥ በቃሉ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ያ እንፋሎት የማን ሕይወት እንደ ተንጠለጠለበት አይቶ አያውቅም። የሁለቱ ዕውቀት በአንድ ሰው ውስጥ ሊገኝ ባይችል እንኳ በአንድ አልጋ ራስጌና ግርጌ ሊቆም ይችላል፤ እኔም ዛሬ በእናንተ ፊት የቆምኩት፣ የምሕንድስና ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት፣ ልቡናው ገና ለስላሳ ሳለ፣ ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር በሕሙማን አልጋ አጠገብ መቆም እንዳለበት፣ የሚሠራው መሣሪያም ጥያቄው ከዚያ የተነሣ እንዲሆን ለማሳሰብ ነው። የማምከኛውን ነገር እንኳ ብንወስድ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጤና ጣቢያው እየዞሩ፣ የቦታውን ከፍታ መዝግበው፣ የዕቃው የደኅንነት ቫልቭ ተጨማሪውን ግፊት መቋቋሙን አረጋግጠው፣ መርፌው መድረስ በሚገባው ቍጥር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ቢያደርጉ፣ ዕቃው ካልቻለም ደቂቃው በምን ያህል እንዲረዝም ከሐኪሞቹ ጋር ቢወስኑ፣ ይህ የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው፤ ወጪውም የቀለምና የመጓጓዣ ብቻ ነው።

በአገራችን ባለ መድኃኒትና ባለ እጅ አብረው እንዳይቆሙ ያደረገ አንድ የቆየ ግድግዳ አለ። መጽሐፈ ሲራክን ያነበባችሁ እንደምታስታውሱት፣ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንዲገባ በሚያስተምረው በዚያው በ38ኛው ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብሎ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ይነሣሉ፤ ከተማም ያለ እነርሱ ሊቀና እንደማይችል ይነገራል። ጠቢቡ በአንድ ምዕራፍ ያገናኛቸውን እኛ ለያየናቸው። ሐኪሙን በአክብሮት ብድግ ብለን ስንቀበል፣ ማረሻችንን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ ግን በሩቁ የምንፈራና የምንሰድብ ሕዝብ ሆነን ኖርን፤ ነገሩም እስከዚህ የከፋ ስለ ነበር ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ ለማስነገር ተገደዱ። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል፤ ዳሩ ግን ዛሬም በብዙ ሆስፒታል የጥገና ክፍሉ የሚገኘው ከግቢው ጀርባ፣ ከአስከሬን ክፍሉና ከቆሻሻ ማቃጠያው አጠገብ ነው፤ የባዮሜዲካል ባለሙያውም ወደ ሕሙማን ክፍል የሚጠራው መሣሪያው ከተበላሸ በኋላ ብቻ እንጂ ሐኪሞቹ ጧት ሕሙማንን ሲዞሩ አብሮ እንዲዞር አይደለም። ይህ ሊያሳዝነን ይገባል።

ሙያዎችን አብሮ ማስተማር ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአባይ ማዶ ከጣና ሰሜን በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን ለየብቻ አስተምሮ ለየብቻ አልሰደዳቸውም፤ ተማሪዎች ሳሉ በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ላካቸው፤ አንዱ ሲመረምር አንዷ ስታስታምም ሌላው ምንጭ ሲያጐለብትና መጸዳጃ ሲያስቆፍር፣ የአንድ መንደር በሽታ የሦስቱም ሥራ መሆኑን በዓይናቸው አዩ። ጅማም በበኩሏ የጤና ትምህርቷን ከመነሻው በማኅበረሰብ ላይ መሥርታ ይህንኑ ፈለግ ተከተለች። በጎንደር ያ ማዕድ ሲዘረጋ ለመሐንዲስ ወንበር አልተቀመጠለትም ነበር፤ በዚያ ዘመን በገጠር ጤና ጣቢያ ከመርፌ ማፍያና ከማይክሮስኮፕ የበለጠ መሣሪያ እምብዛም ስላልነበረ በዚህ አንነቅፋቸውም። ዛሬ ግን አንዲት የዞን ከተማ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚገኘው ሽቦና ቱቦ በዚያን ጊዜ በመላው ጠቅላይ ግዛት ከነበረው የሚበልጥ ነው።

በባዕዳን አገርም ሕክምናን ወደ ፊት ካራመዱት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተወለዱት ከእንዲህ ያለ መቀራረብ ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዎልተን ሊልሃይ የተባሉት የልብ ቀዶ ሐኪም፣ በቀዶ ሕክምና ምክንያት ልባቸው በሥርዐት መምታት ያቃታቸውን ሕፃናት ከግድግዳ ኤሌክትሪክ በሚሠራ ትልቅ መሣሪያ ያስታምሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1957 በከተማው መብራት ጠፋና አንድ ሕፃን ሞተ። ሐኪሙ ኀዘናቸውን በልባቸው ይዘው፣ የሆስፒታሉን ዕቃዎች እየጠገነ ሲመላለስ የሚያውቁትን ኧርል ባከን የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠርተው ከግድግዳ ሽቦ ነፃ የሚያወጣ ነገር እንዲሠራላቸው ለመኑት። እርሱም ለሙዚቀኞች ምት መቍጠሪያ ተብሎ በመጽሔት ላይ ታትሞ ያየውን የኤሌክትሪክ ንድፍ አስታውሶ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ በደረት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ባለ ባትሪ ሣጥን ሠራ፤ በእንስሳ ላይ እንዲፈተን ትቶት በሄደ ማግሥት ተመልሶ ሲመጣ በአንዲት ሕፃን ደረት ላይ ሆኖ ልቧን ሲያስመታት አገኘው። ይህን የምነግራችሁ፣ በኋላ በዓለም ታላቅ ስለ ሆነው ኩባንያው ላወሳ ብዬ አይደለም፤ መብራት በጠፋ ቍጥር የአንድ ጨቅላ እስትንፋስ እንደሚያሰጋን እኛ በአዊ ምድር ከማንም ይልቅ ስለምናውቅ ነው። ባከንም ለዚህ የበቃው አስቀድሞ በሆስፒታሉ ኮሪደር የሚመላለስ ጠጋኝ ስለ ነበረ ነው፤ ሐኪሙ በችግር ቀን ስሙን ጠርቶ የሚያገኘው ሰው ነበር።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የማላዊ ነገር ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በሳንባው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አየር ባወጣ ቍጥር እየተጣበቁ ስለሚያስቸግሩት፣ እንደገና ሊከፍታቸው ሲታገል ጐድኑ ወደ ውስጥ እየሰረጐደ ይደክማል፤ ሲደክምም ይሞታል። መድኃኒቱ በአፍንጫው በኩል ሳያቋርጥ የሚነፍስ፣ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ የሚያደርግ ልከኛ ግፊት ነው። ይህን የሚሰጠው የፋብሪካ መሣሪያ ዋጋው ለድኻ አገር ሆስፒታል የማይቀመስ በመሆኑ፣ በሂዩስተን የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች ከሕፃናት ሐኪሞች ጋር ተቀምጠው መከሩ። ለዓሣ ገንዳ አየር ማስገቢያ የሚሸጡትን ትንንሽ ፓምፖች ወሰዱ፤ ከሕፃኑ አፍንጫ የሚመለሰውንም ቱቦ ጫፉን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አጠለቁት። ጥበቡ ያለው በዚህ ነው፤ ቱቦው ስድስት ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ የሕፃኑ ሳንባ የሚያገኘው ግፊት ስድስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ ሰባት ከጠለቀ ሰባት ነው፤ ውሃው ሲንቦቀቦቅ ነርሷ ከክፍሉ ማዶ ሆና አየሩ እየሠራ መሆኑን በዓይኗም በጆሮዋም ታውቃለች። ይህ መሣሪያ በብላንታየር ከተማ በኩዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት፣ ኦክስጂን ብቻ ከተሰጣቸው የመተንፈስ ችግር ካለባቸው ጨቅላዎች ከመቶ 44 ሲተርፉ በዚህ ከታከሙት ከመቶ 71 ተርፈዋል።

ይኸው የውሃ ጥበብ በሌላ መንገድ ወደ እኛም ደርሷል። የባንግላዴሹ ሐኪም ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ በዳካ ከተማ ሆስፒታል ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው፣ በሳንባ ምች ለሚሠቃዩ ሕፃናት ተመሳሳዩን ሕክምና ሲሰጡ ኖረው፣ በኋላ ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር በመሆን በአገራችን በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ሥራውን ፈተኑት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመውም ጽሑፍ በዚህ መንገድ ከታከሙት ሕፃናት መካከል የሞቱት፣ እንደ ተለመደው ኦክስጂን ብቻ ከተሰጣቸው እጅግ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ጠርሙስና ቱቦ በእንጅባራ ገበያም አይጠፉም። የሚጎድለው፣ ቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ጠለቀ በየሰዓቱ የሚጠይቅ፣ ጠርሙሱ እንዳይገለበጥ መቀመጫ የሚያበጅ፣ አየሩ እንዲሞቅና እንዲረጥብ የሚያስብ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ኮንሰንትሬተሩ ምን ያህል እንደሚሰጥ ለክቶ ለሐኪሙ የሚነግር ሰው ነው።

ስለ ፐልስ ኦክሲሜትር ቀድሞ ያነሣሁትን እዚህ ላይ ልቀጥልበት። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሌላ ሥራ ተጠምዶ፣ በጆሮ ላይ ብርሃን እያሳለፈ ልብ የሚረጨውን ደም ለመለካት ሲሞክር፣ የደም ሥር ትርታ ልኬቱን እያናወጠ አስቸገረው። ትርታውን ለማጥፋት ብዙ ሲደክም ቆይቶ፣ ያ የሚያስቸግረው ትርታ ራሱ የደሙን ኦክስጂን እንደሚነግር ተገለጠለት፤ በ1974ም ሐሳቡን ለባለሙያዎች ጉባኤ አቀረበ። የዚህ ሰው ትሩፋት ስፍር ቍጥር የለውም፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማደንዘዣ ክፍል ሁሉ ባለ ዕዳው ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ መሣሪያው በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክስጂን ጉድለትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ብርሃኑ የሚያልፈው በቆዳ ውስጥ ነውና፣ የቆዳው ቀለም በልኬቱ ላይ የራሱን ጥላ ይጥላል። ይህ ስሕተት ለአሥርት ዓመታት ሳይታረም ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ መሣሪያው በአብዛኛው የተፈተነው ቆዳቸው በነጣ ሰዎች ላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ በቆዳችንም፣ በደጋችንም፣ በመብራታችንም ላይ የሚሠራውን መሣሪያ ማን ይፈትንልን? ከእኛ በቀር ማንም አይፈትንልንም፤ መፈተንም ደግሞ የመንደፍ ግማሹ ነው።

በአገራችን ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምሕንድስናን ያስተምራሉ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታል ስላላቸው ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወደ ሕሙማን ክፍል የሚወስደው መንገድ ተከፍቶለታል። ከአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጡ የምሕንድስና ተማሪዎችም ከአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር ሠርተዋል፤ ከሥራቸውም አንዱ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ብዙ ሥልጠና ያልወሰደ ባለሙያም በትክክለኛው ጥልቀት እንዲያስገባው የሚረዳ መሣሪያ ነው። ይህን የማነሣው ጥያቄው የተወሰደበትን መንገድ ስለምወድደው ነው፤ በአገራችን ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን አገልግሎት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲሰጡ ስለ ተፈቀደ፣ ተማሪዎቹ ያሰቡት ለሊቁ ሐኪም እጅ ሳይሆን በቀበሌ ጤና ኬላ ላለችው ለእርሷ እጅ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ብዙ ወጣቶቻችን የመተንፈሻ መሣሪያ ለመሥራት በቅንነት ሌት ተቀን ደከሙ። የአብዛኛው ድካማቸው ፍሬ ከናሙና አላለፈም፤ እኔ እንደማምነውም ይህ የብልኀት ማነስ አልነበረም፤ በዚያ አስቸኳይ ጊዜ ሐኪሙ በሕሙማን ክፍል፣ ተማሪው በወርክሾፕ ተለያይተው ስለ ነበሩ ነው። መቀራረብ በወረርሽኝ ማግሥት ሊፈጠር አይችልም፤ አስቀድሞ የነበረ መሆን አለበት።

አንዳንድ ተማሪ ነድፎ አዲስ ነገር ማውጣት ብቻ ክብር መስሎት መጠገንን ይንቃል። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድኻ አገሮች ከተመረመሩት የሕክምና መሣሪያዎች ከመቶ 38 ያህሉ ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተበላሹት ከሦስቱ ሁለቱን መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣ በጥቂት ሙያ ብቻ ማስነሣት እንደሚቻል አሳይቷል። በአንድ ሆስፒታል መጋዘን የሕፃናት ማሞቂያ አልጋ በአቧራ ተሸፍኖ የካርድ ክፍል ወረቀት ማስቀመጫ ሆኖ አይቻለሁ፤ የጎደለው የሙቀት መለኪያው ቀጭን ሽቦ ብቻ ነበር። ያን ሽቦ የሚተካ ተማሪ የትኛው ሽቦ ለምን ቶሎ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው መገጣጠሚያ በጽዳት ውሃ እንደሚዝግ፣ የትኛውን ቁልፍ ነርሷ በጓንት እጅ መጫን እንደሚያቅታት ይማራል፤ በኋላ ሲነድፍ የሚነድፈው ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ ነው።

አሁን ወደዚህ ወደ አዊ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ልቤ ያለው እዚህ ነው። የእንጅባራ ደጋ ቀርከሃ የሚበቅልበት ምድር ነው፤ አጥር፣ ወንበር፣ ቅርጫት፣ የቤት ክዳን ሁሉ ከእርሱ ይሠራል። ወጌሻውም የተሰበረ እጅና እግር የሚያቆመው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው። ወጌሻ በሕዝባችን ዘንድ የታመነ ነው፤ በእጁም የተፈወሱ ብዙዎች ናቸው፤ ሕዝቡም ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት ወደ እርሱ ይሄዳል። ነገር ግን አጥብቆ ባሰረው ጊዜ፣ ይልቁንም በሕፃን ላይ፣ ከስብራቱ በኋላ ሥጋው ማበጥ ሲጀምር ቀርከሃው አይለጠጥም፤ ጠፍሩም አይላላም፤ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ይጠቍራሉ፤ በመጨረሻም ልጁ ወደ ቀዶ ሐኪም የሚመጣው እጁ ሊቆረጥ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ለሕፃናት እጅና እግር መቆረጥ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን ደጋግመው መስክረዋል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ፣ ተማሪውና ወጌሻው በአንድነት ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን አስቡት። የአጥንት ሐኪሙ በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት ከታችኛው የደም ግፊት ጋር ያለው ልዩነት ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲያንስ ሥጋው በሞት አፋፍ ላይ እንዳለ ያውቃል፤ ይህ ቍጥር በሐኪሙ አፍ ሲነገር የሕመም ምልክት ነው፤ ተማሪው ሲሰማው ግን የንድፍ ልክ ይሆንለታል። እርሱም የቀርከሃ ስንጣቂዎቹን በሚያስተሳስረው ጠፍር መካከል የሚለጠጥ ጎማ አስገብቶ፣ በላዩም ምልክት አድርጎ፣ እብጠቱ ጎማውን ከምልክቱ ሲያሳልፈው እናቲቱ አይታ እንድታላላ ሊያደርግ ይችል ይሆናል፤ ወይም ከዚህ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ሐኪሙ በበኩሉ የጥፍርን ጫፍ ተጭነው ሲለቁት የደሙ መልክ በሁለት ሰከንድ ካልተመለሰ እሥሩ መፈታት እንዳለበት ለወጌሻው ያሳየዋል። ወጌሻው ደግሞ ከሁለቱም የተሰወረውን ይናገራል፤ የትኛው ቀርከሃ በስንት ዓመቱ ሲቆረጥ ሳይሰበር እንደሚታጠፍ፣ ወላጆች ምን ሲባሉ እንደሚሰሙና ምን ሲባሉ እንደሚሸሹ እርሱ ያውቃልና። አዊኛ ብቻ ለምትናገር አያትም ምልክቱ በቋንቋዋ ካልተነገራት ጎማው ከንቱ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በላቦራቶሪ መብራት ሥር ሊጀመር አይችልም።

ሌላም ብዙ አለ። በተራራው ላይ ያለችውን ወላድ ጎረቤቶቿ በወሳንሳ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ ሲያወርዷት፣ ቁልቁለቱ ላይ ራሷ ወደ ታች እየተዘቀዘቀ እንዳትንገላታ ራሱን እያስተካከለ የሚሄድ ቀላል ወሳንሳ ያስፈልጋል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ለከሰል የተተከለው ግራር ለገበሬው እንጀራ ሆኖታል፤ የከሰል ጢሱን ሲስብ የሚውለው ሰው ሳንባ በርካሽ የትንፋሽ መለኪያ በየጊዜው ቢፈተን መልካም ነው። እነዚህን ለተማሪዎቹ ምርጫ እተዋለሁ።

ሐኪሞቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። መሐንዲሱን ዕቃ አቅራቢ አድርጋችሁ አትጥሩት፤ ይህን ሥራልኝ ከማለታችሁ በፊት ሕመሙን አሳዩት። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያ አለመሥራት ይሻላልና። ኤድጋር ሬይ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ በቦጎታ የማሞቂያ አልጋ እጥረት ሲያስጨንቃቸው፣ ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አድርገው ማሳደግን ጀመሩ፤ ዛሬ ይህ በአገራችን ሆስፒታሎችም የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ተማሪውም ማሞቂያ ሣጥን ከመንደፉ በፊት የእናት ደረት የማይበቃው ለየትኛው ሕፃን እንደ ሆነ ከእናንተ መስማት አለበት። ደግሞም የተማሪ ሥራ በሰው ገላ ላይ የሚያርፈው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ፣ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕግም ተመዝኖ ብቻ መሆኑን እናንተ አጥብቃችሁ ጠብቁ፤ የድኻ ሕሙም ገላ መለማመጃ አይደለም።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናውንም የጤናውንም ኮሌጅ በአንድ አስተዳደር ሥር የያዘ ነው፤ የእንጅባራና የዳንግላ ሆስፒታሎችም ከደጁ ናቸው። ስለዚህ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ከምረቃ በፊት ባለው ዓመት ፈቃደኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ለአንድ ሴሚስተር በሳምንት አንድ ጧት ከሐኪሞቹ ጋር ሕሙማንን እንዲዞሩ ይፈቀድላቸው፤ የሆስፒታሎቹ የብልሽት መዝገብ ይከፈትላቸው። የመመረቂያ ሥራቸውን ከሚፈትኑት መምህራን መካከልም አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ ይቀመጡ፤ የነርሷም ድምፅ ከሌሎቹ እኩል ይቈጠር፤ ሌሊት ከመሣሪያው ጋር ብቻዋን የምታድረው እርሷ ናትና። ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ የሠራው ነገር ግን በክፍሉ ይቀራል፤ ከሄደም በኋላ ይሰበራል። ስለዚህ ማንም ተማሪ የንድፍ ደብተሩን፣ ያልተሳካለትን ሙከራ ሁሉ ሳያስቀር፣ ለሚከተለው ዓመት ተማሪ በነርሷ ፊት ሳያስረክብ የምረቃ ወረቀቱን እንዳይቀበል ሥርዐት ይውጣ።